«ሆዴን ልጠብ፣ ደሜን ላጥራ»፦ በሰሜን ሸዋ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፋሲካ ሥጋና አረቄ ካለፈ በኋላ በእኛ አገር አንድ ወሬ ይበዛል። «ሆዴን ልጠብ»፣ «ደሜን ላጥራ»፣ «መርዙ ይውጣልኝ»። አንዱ ሰናሜኪ ያፈላል፣ ሌላው ፌጦ በሎሚ ይበጠብጣል። ከእነዚህ ልማዶች አንዳንዶቹ ጉዳት የላቸውም። አንዳንዶቹ ግን ሰው ይጎዳሉ፣ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

«ኮሶ ሰውነትን በሙሉ ያጥባል»

እናቴ ያደገችው መንዝ ነው። በልጅነቷ ኮሶ የሚጠጣበት ቀን የታወቀ ነበር። ደርቆ የተወቀጠው አበባ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጠጪው ያን ቀን ከቤት አይወጣም፣ ከሰውም ጋር ብዙ አይነጋገርም። ኮሶ አንድ ሥራ ነበረው፣ እሱንም በሚገባ ይሠራ ነበር፦ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል ከአንጀት ማስወጣት። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ሳይቀሩ ለዚሁ ሲሉ ተጠቅመውበታል።

ስህተቱ የሚመጣው ትል የሌለበት ሰው «ለጽዳት» ብሎ ሲጠጣው ነው። ኮሶ ትል ያስወጣል እንጂ ደም አያጠራም። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ዛሬ ትል ያለበት ሰው ሰገራውን ተመርምሮ በልክ የሚሰጥ ክኒን ያገኛል። የአያቶቻችንን ዕውቀት አከብራለሁ፤ ግን እነሱም ቢሆኑ በልክ የተመጠነውን መድኃኒት ቢያገኙ የሚመርጡ ይመስለኛል።

«ብዙ ካስቀመጠኝ መርዙ ወጥቷል»

በሰናሜኪ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ምግብ ከደም ጋር የሚቀላቀለው በትንሹ አንጀት ሲሆን ሰናሜኪ የሚሠራው በትልቁ ላይ ነው። ስለዚህ ትናንት የበላነውንና የጠጣነውን ከደም ውስጥ መልሶ አያወጣም። የቀነሰው ኪሎም ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ሳምንታት ሲደጋገም ግን ሰውነት ፖታሲየም ያጣል፤ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ይዛባል።

እውነተኞቹ አጣቢዎች ከተወለድን ጀምሮ አብረውን ናቸው። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የምትመዝነው ጉበት አልኮልንና መድኃኒትን ሰባብራ ሰውነት ሊያስወግደው ወደሚችል ነገር ትለውጣለች። ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል የደም ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚያ ሁሉ በሽንት የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው።

ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ፍለጋ የሚኬደው ነገር በጣም ያስጨንቀኛል። ቢጫነቱ ብዙ ጊዜ ጉበት መታመሟን የሚናገር ምልክት ነው። በታመመች ጉበት ላይ ምንነቱ የማይታወቅ የቅጠል ጭማቂ መጨመር ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በዚያው ሳምንት ደሙን ይመርመር።

«ቀይ ሥር ደም ያጠራል»

ቀይ ሥር ጥሩ ምግብ ነው። ከበሉት በኋላ ሽንት ቢቀላ የወጣው የአትክልቱ ቀለም ነው፤ የደም ቆሻሻ አይደለም።

«ጠዋት ሎሚና ጥቁር ቡና አረቄውን ያወጣዋል»

ቡና እንቅልፍ ያባርራል። አልኮሉን የምታቃጥለው ግን ጉበት ናት፣ በራሷ ፍጥነት፣ ሰዓታት ወስዳ። ማታ ብዙ የጠጣ ሾፌር ጠዋት ሎሚ ጠጥቶ የጣርማበርን ቁልቁለት መውረድ የለበትም።

«ጓያ የሚሰብረው በእንፋሎቱ ነው»

በጥቁር አፈር አካባቢ ጓያ ሲቀቀል ከእንፋሎቱ የሚሸሹ፣ በጭዱ ላይ መተኛትን የሚፈሩ ሰዎች አሉ። እግር የሚያሽመደምደው ግን በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ነው፤ ያውም ድርቅ ሆኖ ሌላ እህል ሲጠፋ ለወራት ጓያን ዋና ምግብ ላደረገ ሰው። መርዙ በውሃ ይሟሟል። ስለዚህ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀቅሎም እንደገና መድፋት፣ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን ይቀንሳል። እግር አንዴ ከተሽመደመደ በኋላ ግን የሚመልሰው መጠጥም ቅጠልም የለም።

«ወተት መርዝ ይገድላል»

ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳር ላይ ውርጩ አጥንት ይገባል። ብዙ ሰው የከሰል ማንደጃ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፎ ይተኛል።

አንድ ሌሊት ከጎረቤት ጩኸት ሰምተን ሮጥን። ሁለት ወጣት ተከራዮች አልጋ ላይ ነበሩ። አንዷ ታስመልሳለች፣ ሌላዋ ስትጠራ አትመልስም። ማንደጃው ውስጥ ረመጡ ገና ቀይ ነበር፣ ጭስ የሚባል አልነበረም። አንዲት እናት በኩባያ ወተት ይዘው መጡና ራሷን ባላወቀችው ልጅ አፍ ላይ ሊያፈሱ ጎንበስ አሉ። ከልብ ደንግጠው ነው፤ ልጃቸው ብትሆንም ያንኑ ያደርጉ ነበር። ደግነቱ አንድ ሰው እጃቸውን ያዘ። ልጆቹን ተሸክመን ወደ ውጭ አወጣን፣ ባጃጅም ተገኘ። ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ ሁለቱም ተርፈዋል።

የከሰሉ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ወተቱ ግን የሚገባው ሆድ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ሲጋቱት ደግሞ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። ንጹሕ አየር ላይ የጋዙ ግማሽ ከደም ለመውጣት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በኦክስጅን ጭንብል ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። በር መክፈት፣ ሰውየውን ማውጣት፣ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው እንግዲህ።

ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ መድኃኒት ለጠጣ ሰውም ወተት አይስጡ፣ ጣት ከትተውም አያስመልሱት፤ ነጭ ጋዝ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት እንዲያውቅ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።

በእኛ ቤት ማንደጃው ከመተኛታችን በፊት ውጭ ይወጣል። ሲበርደን የእናቴን የመንዝ ባና እንደርባለን።