በጥንታዊ የኪስ ሰዓቶች ማሽን ላይ የሚገኙ ያልተለመዱ ተከታታይ ቁጥሮች

የጥንታዊ የኪስ ሰዓት ጀርባ ሲከፈት፣ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ከሠሪው ስም አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ፋብሪካው ቁጥሩን የሚሰጠው ለራሱ መዝገብ እንዲያመቸው ነበር። ስለዚህ ፊደል የተቀላቀለበት፣ ተራውን የሳተ ወይም ማሽኑን ከያዘው የውጭ ሽፋን (ከቀፎው) ቁጥር ጋር የማይገጥም ጽሑፍ ሲያጋጥም ምስጢር ከመፈለግ በፊት የፋብሪካውን አሠራር መጠየቅ ይበጃል።

ልማዱ ከፋብሪካዎች ይቀድማል። የለንደኑ ሰዓት ሠሪ ቶማስ ቶምፒዮን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሥራዎቹን በቁጥር መለየት ከጀመሩት ቀደምት ባለሙያዎች አንዱ ነው። ለተራ ሰዓቶች አንድ ተራ፣ ለሚደውሉት ደግሞ ሌላ ተራ ነበረው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1713 ሲሞት የሥራ ሸሪኩ ጆርጅ ግራሃም ቆጠራውን ካቆመበት ቀጠለ። የቶምፒዮን ስም ገበያ ስለነበረው ሐሰተኛ ቶምፒዮኖችም በየጊዜው ብቅ ብለዋል።

አንባቢን በብዛት የሚያሳስቱት ግን የአሜሪካ ሰዓቶች ናቸው። የኤልጂን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1867 ለሽያጭ ያቀረበው የመጀመሪያ ሰዓት ቁጥሩ 101 ነበር። በኋላ ቆጠራው አሥር ሚሊዮኖችን አልፎ ሲረዝም፣ ኩባንያው የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች በአንድ የላቲን ፊደል ተካ። ፊደሉን እንደ ጌጥ ቆጥሮ የቀሩትን ስድስት አሃዞች ብቻ ቁጥርን ከሥራ ዓመቱ ጋር በሚያዛምድ ሰንጠረዥ የሚፈልግ ሰው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራን ሰዓት ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ይልከዋል። የሌላው የአሜሪካ ሰዓት ሠሪ፣ የሃሚልተን፣ ፊደል ትርጉሙ ሌላ ነው፤ የሚያመለክተው ሞዴሉን ነው። 992ቢ በተባለው ሞዴል ላይ «ሲ»፣ በ950ቢ ላይ «ኤስ»፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአውሮፕላን አቅጣጫ መሪዎች በተሠራው ባለ 24 ሰዓት 4992ቢ ላይ ደግሞ «4ሲ» ከቁጥሩ ይቀድማል። የሰዓት ነጋዴው ዌብ ቦል ለባቡር ሠራተኞች በሌሎች ፋብሪካዎች ያሠራቸው ሰዓቶችም ብዙ ጊዜ «ቢ» አለባቸው።

ተራው መዛባቱም አያስገርምም። ፋብሪካዎች ቁጥሮችን በጅምላ ከፍለው ለየሞዴሉ አስቀድመው ይመድቡ ነበር። አንዱ ምድብ ቶሎ ሲያልቅ ሌላው ሳይነካ ይቆያል፤ ትልቅ ቁጥር ያለው ማሽን ከትንሹ ቀድሞ ሊሸጥ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የዘመን ሰንጠረዦች የሚሰጡት ዓመት ግምት እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም።

የቀፎ ቁጥር የተለየ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ማሽኑንና ቀፎውን ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ኩባንያዎች ሠርተው ሱቅ ውስጥ ይገጣጠሙ ስለነበር፣ ሁለቱ ቁጥሮች አለመመሳሰላቸው ጤናማ ነው። በእንግሊዝ ሰዓት ላይ ግን ሁለቱ አንድ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ ልዩነቱ ጥርጣሬ ያስነሳል። ማሽኑ ሲፈታ ደግሞ በድልድዮቹ (ጎማዎቹን ከላይ በሚይዙት የብረት ክፍሎች) ሥር በጥቃቅን አሃዞች የታተሙ የዋናው ቁጥር የመጨረሻ ዲጂቶች ይወጣሉ። ክፍሎቹ አንድ ላይ በእጅ ስለተስተካከሉ እንዳይቀላቀሉ የተደረገ ምልክት ነው። አንዱ ድልድይ የሌላ ሰዓት ዲጂት ከያዘ፣ ያ ማሽን ከሁለት ማሽኖች የተሰፋ ነው።

አንዳንዱ ቁጥር ጭራሽ ተከታታይ ቁጥር አይደለም። በስዊስ ማሽን ላይ ከትንሽ መስቀል አጠገብ ያለው አሃዝ የፈጠራ መብት ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የሰዓቱን ፍጥነት ከሚወስነው ከሚዛኑ ጎማ ሥር ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የማሽኑን ዓይነት ይናገራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ በገቡ ማሽኖች ላይ የሚታዩት ሦስት ፊደላት የአስመጪ መለያ ናቸው፤ ለምሳሌ ሎንዢን «ኤልኤክስደብሊው»፣ ኦሜጋ «ኦኤክስጂ» ይጠቀሙ ነበር። ጨርሶ ቁጥር የሌላቸው የስዊስ ሰዓቶችም ብዙ ናቸው፤ ይህ ብቻውን ጉድለት አይደለም።

የተቀየረ ቁጥርን ለመለየት ማጉያ መነጽር ይበቃል። በወርቅ ቅብ የእንግሊዝ ማሽኖች ላይ ቅርጹ የሚሠራው ከቅቡ በፊት ስለነበር የአሃዙ ጎድጓዳም ወርቃማ ነው። በኋላ የተቆረጠ አሃዝ ቅቡን ሰንጥቆ ራቁቱን ናስ ያሳያል፤ አሮጌው ቁጥር ከተፋቀ ደግሞ በዙሪያው ያለው ሰሌዳ በጥቂቱ ይሰረጉዳል። መስመራቸው የተንጋደደ አሃዞች ግን አያስደነግጡም፤ አንድ በአንድ በመዶሻ የተመቱ ናቸውና።