ተጨማሪ ምግብ ምንድን ነው? ለሕፃንስ በቀን ምን ያህል ይበቃዋል?

«ልጄ በቀን ምን ያህል ይብላ?» የሚለው ጥያቄ በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይም፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብም የማይቀር ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በጡጦ ይሰጣል። «የእኔማ አንድ ሙሉ ጡጦ አጥሚት ግጥም ያደርጋል» ትላለች አንዷ፤ ልጇ ግማሹን የተወባት ሌላዋ ቅር ብሏት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ መጨነቅ የነበረባት ግን የመጀመሪያዋ ናት። ጡጦ የሚለካው የፈሳሹን ብዛት ነው፤ ውስጡ ስንት እህል እንዳለ አይናገርም።

የጤና ባለሙያዎች ተጨማሪ ምግብ የሚሉት ሕፃኑ 6 ወር ከሞላው ጀምሮ በጡት ወተት ላይ የሚታከለውን ምግብ ነው። ይታከላል እንጂ አይተካም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጡት ማጥባቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። ከ6 ወር በፊት ደግሞ ውኃም ቢሆን አያስፈልግም፤ አራስ ልጅን ቅቤ ማላስም ሆነ አብሽ ማጠጣት እንዲሁ። ድንበሩ 6 ወር ላይ የተሰመረው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዕድሜ አካባቢ የጡት ወተት ብቻውን የሕፃኑን የኃይል ፍላጎት መሸፈን ያቅተዋል፤ ልጁ በእናቱ ማህፀን ሳለ ያጠራቀመው የብረት ማዕድንም ወደ ማለቁ ይቃረባል።

የሚጎድለው ኃይል ስንት ነው? ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን በቀን 600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። በደንብ የሚጠባ ከሆነ 400 ያህሉን ከጡት ያገኛል፤ ከምግብ የሚጠበቀው 200 ነው። ከ9 እስከ 11 ወር ከምግብ የሚጠበቀው ወደ 300፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ደግሞ ወደ 550 ከፍ ይላል። ልብ በሉ፤ ልጁ ዓመት ካለፈው በኋላ ከገበታ የሚፈልገው ወደ እጥፍ ይጠጋል። በብዙ ቤት ግን የአሥር ወር ሕፃንና የዓመት ተኩል ልጅ የሚቀርብላቸው እኩል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሕፃን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 240 ሚሊ ሊትር ሲገባለት ሞላ ማለት ነው። በሌላ በኩል በኪሎ ሲሰላ የሚያስፈልገው ኃይል ከአዋቂ ሰው እጥፍ ያህል ነው። ጎተራው ትንሽ፣ ወጪው ብዙ።

ስሌቱን በአንድ የ10 ወር ሕፃን እንየው። በጡጦ ቀዳዳ የሚያልፍ ቀጭን አጥሚት በአንድ ሚሊ ሊትር ቢበዛ 0.4 ኪሎ ካሎሪ ቢይዝ ነው። በዚህ ሒሳብ 300 ለማግኘት ሕፃኑ 750 ሚሊ ሊትር መጠጣት አለበት፤ ጨጓራውን በቀን ሦስት ጊዜ ጢም አድርጎ መሙላት ማለት ነው። ለጡት ቦታ አይተርፍም። ልጁ ይጠግባል፣ ይተኛል፣ እናቱም ደስ ይላታል፤ ክብደቱ ግን ፈቀቅ አይልም። ይኸው ዱቄት ወፈር ተደርጎ ሲገነፋ በሚሊ ሊትር 0.8 ኪሎ ካሎሪና ከዚያም በላይ ይይዛል። 125 ሚሊ ሊትር በቀን ሦስት ጊዜ ቢበላ 300 ሞላ። ዱቄቱ ያው ነው፤ የቀነሰው ውኃው ነው።

ውፍረቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። ገንፎውን በማንኪያ ዝቆ ማንኪያውን ዘንበል ማድረግ ነው፤ ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል፣ ትንሽ ቆይቶ ቀስ እያለ ከወረደ ደርሷል። ለአራስ ጠያቂ የሚቀርበው ዓይነት ጠጣር ገንፎ ደግሞ ለስድስት ወር ልጅ ይከብደዋል። ለዚህ መፍትሔው ለጠላ ከተዘጋጀው ብቅል ላይ ትንሽ መቆንጠር ነው። የበሰለው ወፍራም ገንፎ ትኩስነቱ ሳይለቀው አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ጨምሮ ማማሰል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጠብታ ውኃ ሳይነካው ይላላል። በብቅሉ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ገንፎውን ያጠጠረውን ስታርች ስለሚቆራርጠው ነው። ከዚያ መልሶ አፍልቶ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ብቅሉ ጥሬ ነውና። ብቅል በሌለበት ቤት አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል ማድረግ የገንፎውን መጠን ሳያበዛ 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምራል።

መጠኑ እንግዲህ ይህን ይመስላል። ሲጀመር ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፤ ቀስ በቀስ በአንድ ገበታ ወደ 125 ሚሊ ሊትር። ከ9 ወር ጀምሮ ይኸው 125 በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በመሀሉ አንድ ወይም ሁለት መክሰስ። ዓመት ካለፈው በኋላ በአንድ ገበታ ከ190 እስከ 250 ሚሊ ሊትር። ጡት የማይጠባ ልጅ ከዚህ ሌላ ወተትና አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ ገበታ ያስፈልገዋል። «አንድ ሲኒ ስጪው» የሚለው ምክር ብዙም አያስኬድም፤ ሲኒ ከቤት ቤት ይለያያል። የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ግን ከየትም ቤት አይጠፋም፤ ግማሹ 250፣ ሩቡ 125 ነው። አንድ ቀን ውኃውን ለክቶ የልጁ ሳህን ውስጥ ገልብጦ የት ድረስ እንደሚደርስ ማየት በቂ ነው። ሳህኑ ግን የራሱ ይሁን። ከትሪው ከታላላቆቹ ጋር የሚበላ የዓመት ተኩል ልጅ ስንት እንደጎረሰ ማንም አያውቅም።

ስለ ዓይነቱ ደግሞ በምጥን የሚኮራው ሰው ብዙ ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ሩዝ ተቀላቅሎ ሲፈጭ «ሁሉም ነገር አለበት» ይባላል። በሥነ ምግብ አቆጣጠር ግን ስድስቱም አንድ ምድብ ናቸው፤ ከስድስት ይልቅ ከሁለቱ እህል ጋር ሽምብራ ወይም ምስር የተፈጨበት ምጥን ይሻላል፤ የእህሉ ፕሮቲን የጎደለውን የጥራጥሬው ይሞላዋልና። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተዘጋጀው ፋፋም በዚሁ እህልንና ጥራጥሬን በማዋሐድ ሐሳብ የተነሣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ምግቡን በስምንት ምድብ ይከፍሉታል፦ የጡት ወተት፣ እህልና ሥራሥር፣ ጥራጥሬና ለውዝ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ እንደ ካሮትና ማንጎ ያሉት፣ ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬ። ልጁ በቀን ከእነዚህ ቢያንስ አምስቱን መንካት አለበት። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን መመዘኛ ያሟላ ምግብ ያገኙት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ደግሞ 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል።

ድህነት ትልቁን ድርሻ እንደሚይዝ ግልጽ ነው። የሚያናድደው ግን የቤት ዶሮ እንቁላል ገበያ ወርዶ በምትኩ ብስኩት ሲገዛ ማየት ነው። ጤፍ በብረት የበለጸገ ስለሆነ ይበቃል የሚለውም ማጽናኛ ብዙ አያስተማምን፤ በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት የተወሰነው በውቂያ ጊዜ ከዐውድማው አፈር የሚገባ ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ብረቱን አንቆ ይይዘዋል። ማቡካት ይህን ማነቆ ያላላዋል። ከምግብ ጋር የሚሰጠው ሻይ ግን መልሶ ያጠብቀዋል፤ ዳቦ በሻይ ለሕፃን ቁርስ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በኦርቶዶክስ ቤት ጾም ሲገባ ድስቱም አብሮ ይጾማል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያለውን ልጅ አያስጾምም፤ ሆኖም ዕቃ እንዳይነካካ በሚል ለሕፃኑ ወተቱም እንቁላሉም ይቀራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለአሥር ወር ልጅ ይህ ከዕድሜው ስድስተኛ እጅ ያህል ነው። አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለልጁ ለብቻው መለየት ጉዳዩን ይፈታዋል።

አበላሉ ራሱ የመጠኑ አካል ነው። ሕፃኑን ጭን ላይ አንጋሎ፣ መዳፍን አፉ ላይ ደግኖ አጥሚቱን ማጋት ዛሬም አልጠፋም። ልጁ እያለቀሰ ሲውጥ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል፤ ሳህን ባየ ቁጥር የሚያለቅስ ልጅም የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበቃው ግን ልጁ ያውቃል። በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ 15 ልጆች የሚበሉትን ሁሉ እየመዘነ ሲከታተል፣ ከገበታ ገበታ የሚበሉት በእጅጉ ሲለያይ የቀኑ ድምር ግን ብዙም እንደማይለዋወጥ አሳይቷል። ምሳውን የገፋ ልጅ መክሰስ ላይ ያካክሳል፤ በመሀል ብስኩትና ጭማቂ ካልገባ።

ዓመት ያለፈው ልጅ «እህል አይቀምስም» የሚለው ስሞታም አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። ሲወለድ 3 ኪሎ የነበረ ልጅ በዓመቱ 9 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብቻ ነው። የዕድገቱ ፍጥነት ሲቀንስ የምግብ ጉጉቱም ጋብ ይላል፤ ዓይኑም ከሳህኑ ይልቅ መሮጫው ላይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የላም ወተት እየጠጣ ነው የሚጠግበው፤ በቀን ከግማሽ ሊትር ሲያልፍ እህሉን ያስገፋል፣ ብረትም ያሳጣል። ከ2 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1050 እስከ 1125፣ ከ4 እስከ 5 ዓመት ያለው ከ1250 እስከ 1350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ይህን ሦስት ደህና ገበታና ሁለት መክሰስ ይሸፍነዋል፤ መክሰሱ በሶ፣ ሙዝ ወይም የተቀቀለ ድንች ሊሆን ይችላል። ድፍን ቆሎና ኦቾሎኒ ግን እስከ 5 ዓመት ባይሰጥ ይሻላል፤ ያንቃል። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ክልክል ነው።

ተቅማጥ ወይም ትኩሳት የያዘው ልጅ ምግብ አይከለከልም፤ በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል። ካገገመ በኋላም ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንድ ገበታ ይጨመርለታል። በመጨረሻ ምግቡ በቃው አልበቃው የሚለውን የሚፈርደው የዕድገት መከታተያ ካርዱ ነው፤ መስመሩ ተኝቶ ከቀረ ወይም ካዘቀዘቀ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክንዱን ዙሪያ ትለካለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል ይጀመርለታል። ከ11.5 በታች ከወረደ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በጣት ሲጫኗቸው ከጎደጎዱ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።