ብረታ ብረት በአፈር ውስጥ ለምን እኩል አይገኝም?

ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ መዳብ የሌለበት አፈር የለም። ልዩነቱ ያለው መጠኑ ላይ ነው። ከመጠኑም በላይ ደግሞ በምን መልክ እንደተቀመጠ ነው ዋናው ነገር።

መነሻው አለቱ ነው። ከባዝልት የወጣ አፈር ከግራናይት ከወጣው ይልቅ ብዙ ብረት፣ መዳብና ኒኬል ይይዛል። ሰርፐንቲን ከሚባለው አረንጓዴ አለት በተገኘ አፈር ውስጥ ኒኬሉ በኪሎ ከ1000 ሚሊግራም ሊያልፍ ይችላል። ይህን አብዛኛው ተክል አይችለውም። በኒው ካሌዶንያ ደሴት ግን ፒክናንድራ አኩሚናታ የሚባል ዛፍ በዚህ አፈር ላይ ይበቅላል። ልጡ ሲበጣ ሰማያዊ አረንጓዴ ወተት ይወጣዋል። ወተቱ ሲደርቅ ከክብደቱ እስከ ሩብ የሚደርሰው ኒኬል ነው።

ቀጥሎ ዝናብ ይመጣል። ሶዲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ቶሎ ታጥበው ይሄዳሉ። ብረትና አሉሚኒየም ግን እዚያው ይቀራሉ። ሞቃትና ዝናባማ አገር ያለ ያረጀ አፈር የሚቀላው ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአፈሩ አሲዳማነት ነው። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥር ያቀጭጫል። ኖራ በበዛበት አፈር ደግሞ ብረትና ዚንክ እንደተቆለፉ ይቀራሉ። ለጋው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። አፈሩ ብረት ሞልቶት ሳለ ተክሉ ብረት ተርቧል ማለት ነው። ስለዚህ ጠቅላላ መጠኑን ብቻ የሚናገር የላብራቶሪ ውጤት በእኔ እምነት ግማሽ መረጃ ነው።

ሸክላና ብስባሽም ብረታ ብረትን አጥብቀው ይይዛሉ። መዳብ ብስባሽ ላይ ሙጭጭ ይላል። እርሳስም ብዙም ወደ ታች አይወርድም። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ገበያ ጨርሶ ቢወጣም፣ ከጭሱ የወረደው እርሳስ ዛሬም በመንገድ ዳር አፈር ላይ፣ ከላይ ከላዩ ይገኛል።

ውሃ የተኛበት አፈር ይገርመኛል። አየር ሲያጣ ብረቱ ይሟሟል፤ አፈሩ ግራጫ ይሆናል። ከዚያ ጓል አንስታችሁ ብትፈረካክሱ፣ ሥር ባለፈበት ቀዳዳ ዙሪያ ዝገት የመሰለ ቀለበት ታያላችሁ። ሥሩ ይዞት የወረደው አየር ብረቱን እዚያው አዝጎት ነው።

ይህ ነገር የጤና ጉዳይም ነው። በጃፓን የጂንዙ ወንዝ ከማዕድን ማውጫ ያመጣው ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረታ ብረት ሩዝ ማሳ ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰው አጥንቱን ታመመ። መንግሥት በሽታው ከብክለቱ የመጣ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 አመነ። ማሳው ውሃ እንደተኛበት ካድሚየም ከድኝ ጋር ተጣብቆ ይቆያል፤ ውሃው ሲደርቅ ይለቀቅና ወደ እህሉ ይገባል። አርሴኒክ የሚባለው ሌላ መርዝ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሚለቀቀው ውሃ ሲተኛበት ነው። ሁለቱም ያሉበት ማሳ የደረሰው ገበሬ ውሃውን መቼ እንደሚያስገባና መቼ እንደሚያፈስ በጥንቃቄ መምረጥ አለበት።