ጅል መሆን ሌላ፣ ጅል መጫወት ሌላ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ «ይሄን ሁሉ ዓመት ፊልም ስታቀናብር ኖረህ የምትወደው እነዚያን የዘጠናዎቹን የጅል ፊልሞች ነው?» አለኝ። ቡና የጋበዘኝ እሱ ስለነበር ዝም አልኩ። አሁን ቡናው አልቋል።

የማወራው በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ስለተሠሩት ኮሜዲዎች ነው። የሃይስኩል ልጆች፣ ሥራ ፈት ጎረምሶች፣ ፓርቲ፣ ሮክ ባንድ፣ የማይረባ ጸጉር። ስለነሱ የሚወራውን ስህተት እየሰማሁ ስለደከመኝ አንድ በአንድ ልመልስ።

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን እናስተካክል። ዘጠናዎቹ ስል በፈረንጅ ነው። በእኛ ከ1982 እስከ 1986 ገደማ መሆኑ ነው። «እኔ እኮ የዘጠናዎቹ ልጅ ነኝ» ብሎ በእኛ በ1997 ያየውን ፊልም የሚያነሳብኝ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

«አሜሪካን ፓይም ከነሱ ነው።» አይደለም፤ 1999 ነው። «ብሬክፈስት ክለብስ?» 1985። ቀጥል።

«ሁሉም ብር ያፈሱ ናቸው።» ዌይንስ ዎርልድ አዎ፣ በ1992 ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ1993 የወጣው ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ ግን ሲኒማ ቤት ያገኘው 8 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሰው የወደደው ቆይቶ፣ ቤቱ ተቀምጦ፣ በካሴት ነው።

«የነጭ ልጆች ወሬ ነው።» ይሄን የሚለኝ ሰው የጥቁር ልጆቹን ፊልም ሃውስ ፓርቲን አላየም። ሬጂናልድ ሃድሊን ሃርቫርድ ተማሪ ሳለ የሠራትን አጭር ፊልም አሳድጎ በ1990 አወጣው። በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ26 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በ2022 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው እንዲቆዩ ከሚመርጣቸው ፊልሞች መዝገብ ገባ። ታሪኩ? አባት ፓርቲ ከለከለ፣ ልጅ ሾለከ። ይሄን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደምታቃጥለኝ ልምጣ። «ጅል ፊልም መሥራት ቀላል ነው፤ የሚሠሩትም ጅሎች ናቸው።»

ቢል ኤንድ ቴድ የሚባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ልጆች አሉ። በ1991 በወጣው ሁለተኛው ፊልማቸው ይሞታሉ። ሞት ራሱ ጥቁር ካባውን ለብሶ፣ ፊቱ ኖራ መስሎ ይመጣል። በጨዋታ ካሸነፉት ነፍሳቸውን ሊመልስላቸው ነው። ኢንግማር በርግማን በ1957 በሠራው የስዊድን ፊልም ላይ አንድ ባላባት ባሕር ዳር ተቀምጦ ከሞት ጋር ቼዝ ይጫወታል። የሲኒማ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት፣ በጣም የተከበረች ትዕይንት ናት። የኛዎቹ ልጆች ቼዝ ከየት ያውቃሉ? መርከብ የማስመጥ የልጆች ጨዋታ ያወጣሉ። ሞት ይሸነፋል። «ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ይሁን» ይላል። አሁንም ይሸነፋል። አሁንም ይደገም ይላል። መጨረሻ ላይ ባለቀለም ክብ ክብ ያለበት ላስቲክ ላይ እጅና እግሩን ዘርግቶ፣ ካባውን እየጎተተ፣ ተጣሞ ታገኙታላችሁ። የሰፈር ልጅ ብይ ተበልቶ «ካልደገምን» እንደሚለው ማለት ነው።

ይሄን ለመጻፍ በርግማንን ማወቅ ግድ ነው። ለመሳቅ ግን ማወቅ አያስፈልግም። ችሎታው እዚች ጋ ነው። ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ ኤድ ሰለሞን ኋላ የ1997ቱን ሜን ኢን ብላክ ጽፏል። ጅል ከሆነ እንግዲህ ጅልነቱ ይጋባብኝ።

ዌይንስ ዎርልድን ደግሞ እንደ አቀናባሪ ልንገራችሁ። ዌይን ከቤቱ ምድር ቤት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያዘጋጃል። ፕሮዲውሰሩ ለስፖንሰሩ ታዘዝ ሲለው «ለማንም ስፖንሰር አልንበረከክም» ብሎ ይፎክራል። እየፎከረ የፒዛ ሀት ካርቶን ይከፍታል፣ ምልክቱን ወደ ካሜራ አዙሮ። ቀጥሎ የዶሪቶስ ቺፕስ ያነሳል። ኋላም ፔፕሲ። ጓደኛው ጋርዝ ከእግር እስከ ራሱ የሪቦክ ስፖርት ልብስ ለብሶ ተንጋሎ፣ ለገንዘብ ብሎ ነገር የሚሠራ ሰው ያሳዝናል ይላል። አፍ ይምላል፣ እጅ ይሸጣል። ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ቁርጡ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ቀልዱ ይሞታል። ይሄን ቆራርጦ መሥራት ለቅሶ ቤት ያለበትን ድራማ ከመቁረጥ ይከብዳል። ሁለቱንም ሠርቻለሁ።

መኪና ውስጥ ሆነው በኩዊን ባንድ ዘፈን፣ በቦሂሚያን ራፕሶዲ፣ ራሳቸውን የሚንጡበትንም «ዝም ብለው ያገኙትን ዘፈን ከፍተው ነው» የሚል አለ። ዌይንን የሚተውነው ማይክ ማየርስ ለዚያ ዘፈን ተጣልቷል። አዘጋጆቹ የፈለጉት የሮክ ባንዱን የጋንስ ኤንድ ሮዝስን ዘፈን ነበር፤ እሱ ፊልሙን ትቼ እወጣለሁ እስከማለት ደረሰ። ዘፈኑ የ1975 ነው። ፊልሙ በወጣ በ1992 አሜሪካ ውስጥ ቢልቦርድ የሚባለው የዘፈኖች ደረጃ ላይ ሁለተኛ ወጣ።

አጭር ኮርስ ሳስተምር የገጠመኝን ላንሳ። አንድ ተማሪ ጅል ሆኖ ሊሠራ ተነሳ። ዓይኑን አጠማዘዘ፣ ምላሱን አወጣ፣ ሱሪውን እስከ ደረቱ ሳበ። ክፍሉ ጸጥ። በረንዳ ላይ ጠራሁትና «ጅል ሰው ጅል መሆኑን ያውቃል እንዴ?» አልኩት። ተመልሶ ያንኑ ጽሑፍ ኮስተር ብሎ፣ እንደ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ሠራው። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር።

ስለዚህ ቲክቶክ ላይ ቀልድ የምትሠሩ ልጆች፣ እዚህ ከደረሳችሁ አይቀር ስሙኝ። የሳቅ ድምፅ አትጨምሩ። ያቺን «ቦይንግ» የምትል ድምፅማ ጨርሶ አጥፉልኝ። ፊት ላይ ዙም አታድርጉ፤ ሰፋ አድርጋችሁ ያዙት፣ እግሩም ይታይ። ገጸ ባህሪው የሚፈልገው ነገር ይኑረው፣ ትንሽም ብትሆን። ደግሞ ክፉ አታድርጉት። ቢልና ቴድ ማንንም ለመጉዳት አያስቡም፤ ለዚህ ነው ሰዓት ተኩል አብረናቸው የምንቀመጠው። በእርግጥ በነዚህ ፊልሞች ውስጥ ዛሬ የማያስቁ፣ እንዲያውም የሚያስነውሩ ቀልዶች አሉ። ስታዩዋቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ እነሱን አትቅዱ።

«ቋንቋ ለማያውቅ አይገባም።» የኔን አያት አላወቃችኋትማ። ልጅ ሆኜ ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የ1992ቱን ኤንሲኖ ማን ተከራየሁ። ካሴቱ ተቀድቶ የተቀዳ ስለነበር ምስሉ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ሁለት ተማሪዎች ለመዋኛ ገንዳ ጓሮ ሲቆፍሩ በረዶ ውስጥ የቆየ የዋሻ ሰው ያገኛሉ፣ ትምህርት ቤት ይወስዱታል። አያቴ እንግሊዝኛ «ጉድ ሞርኒንግ» ድረስ ነው። ሰውየው ሱቅ ውስጥ በረዶ መጠጥ ከሚቀዳበት ማሽን ሥር አፉን ሲከፍት ግን በሳቅ ፍርፍር አለች። «እሰይ፣ ይጠጣ! ስንት ዘመን ጠምቶት!» አለች። ከዚያ ዴኩን አስቁሜ እንድመልስላት ለመነችኝ።

ያ የዋሻ ሰው ብሬንዳን ፍሬዘር ነው። ስለዚህ «ተዋናዮቹ የትም አልደረሱም» የምትለዋም እዚሁ ትለቅ። ፍሬዘር መጋቢት 2023 በዘ ዌል የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ወሰደ። በዚያው ምሽት የረዳት ተዋናይ ኦስካር የወሰደው ኪ ሁይ ኩዋንም ኤንሲኖ ማን ላይ አለበት፣ ሌላ ተማሪ ሆኖ። አንድ «የጅል ፊልም»፣ ሁለት ኦስካር፣ አንድ ሌሊት።

ሁሉም ጥሩ ነው አላልኩም። ራፐሩ ቫኒላ አይስ የሚተውንበት የ1991ዱ ኩል አዝ አይስ ቀሽም ነው፣ አልከራከርም። «እንደዚያ ዓይነት ላይ የሠራ ባለሙያ ግን አለቀለት» ካላችሁ እከራከራለሁ። ካሜራውን የያዘው ያኑሽ ካሚንስኪ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የስቲቨን ስፒልበርግን ሺንድለርስ ሊስት ቀረጸና ኦስካር ተሸለመ። ኩል አዝ አይስን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንዱ ለብርሃን አያያዙ ነው። ሁለተኛውን ለምን እንዳየሁት አልናገርም።