የኅትመት ቀን ሜታዳታ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጣና እምቦጭ የተጻፈ አንድ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ እናስብ። ሽፋኑ «ሰኔ 2010» ይላል። መዝጋቢው 2010ን እንዳለ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ ያስገባዋል። ናይሮቢ ያለ ተመራማሪ ሲያገኘው ግራ ይጋባል፤ አረሙ በጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነውና ጥናቱ እምቦጩን ቀድሞት ደርሷል! ይህንን እንኳ እምቦጩ አጋለጠው። ስለ ቆሮሶ ዓሣ ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር።

ሜታዳታ ስለ ሰነዱ የሚነግር መረጃ ነው፦ ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ ቋንቋ፣ ቀን። የኅትመት ቀን ሥራው ለአንባቢ የወጣበትን ጊዜ ያመለክታል። ብዙ ተቋማት የሚጠቀሙበት ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር ሦስት ቀኖችን ለይቶ ይይዛል፤ ሥራው የወጣበትን፣ ማከማቻው የተረከበበትንና ለተጠቃሚ ክፍት የሆነበትን። ሁለቱን የኋለኞቹን ራሱ ይሞላል። የመጀመሪያውን የሚያውቀው ሰው ብቻ ስለሆነ ስሕተቱም የሚገባው በዚሁ በር ነው። የሃያ ዓመት ጽሑፍ ስካን ተደርጎ ሲገባ የዛሬው ቀን ከተጻፈበት ትናንት የታተመ ይመስላል። የምሁራን ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላርም ሥራው የታተመበትና ወደ ማከማቻ የገባበት ቀን እንዳይምታቱ በመመሪያው ያስጠነቅቃል።

የእኛ ተጨማሪ ጣጣ ዘመን አቆጣጠሩ ነው። ዓለም አቀፉ የቀን አጻጻፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 8601፣ በጎርጎርዮሳዊው ዓመት፣ ወር፣ ቀን እያለ ይሄዳል። «ስምንት ደምርበት» የሚለው ፈጣን መፍትሔ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። 2010 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 2017 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 2018 ይሆናል። ሰኔም ከጁን 8 እስከ ጁላይ 7 ስለሚዘልቅ «ሰኔ»ን «ጁን» ብሎ መመዝገብ ግምት ነው። ደረጃው ዓመት ብቻ መጻፍን ይፈቅዳል፤ ያልታወቀ ቀንን በጃንዋሪ 1 መሙላት ለእኔ ከባዶው የባሰ ነው።

የጥንት ጸሐፊዎች አንዳንዴ ከዓመቱ ጋር ወንጌላዊውን ይጨምሩ ነበር። «2010፣ ዘመነ ማርቆስ» ቢባል ማንም እ.ኤ.አ. ነው ብሎ አይሳሳትም። የዛሬው ሽፋን «ዓ.ም.» የምትለዋን እንኳ ይረሳል። በዚያ ላይ በአማርኛ የተጻፈው ጥናት በእኛ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው በፈረንጆች ቀን እየተቆጠረ አንድ መደርደሪያ ላይ ይገናኛሉ።

ስለዚህ የእምቦጩ ጽሑፍ በቀን መስኩ 2018 ይባልና በማስታወሻ መስኩ «በሽፋኑ ላይ፦ ሰኔ 2010 ዓ.ም.» ተብሎ ይጻፍለታል።