ስለላና አክሽን በአንድ ጌም ውስጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደሴ ጌም ቤቶች አብዛኛው ወጣት የሚመጣው እግር ኳስ ለመጫወት ነው። ወሬው በዘመናችን ስለላ ላይ ወደሚያተኩሩ የሚና ጨዋታዎች፣ ማለትም ተጫዋቾች አርፒጂ ወደሚሏቸው ሲዞር ግን ክርክሩ ይጦፋል። አርፒጂ ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ችሎታውን የሚያሳድግበትና በውሳኔው ታሪኩን የሚመራበት ጨዋታ ነው። ተኩስ፣ ሩጫና ድብድብ ሲቀላቀልበት አንዱ «አበላሹት» ይላል፤ ሌላው «ገና ይጨመርበት» ይላል። ከጓደኞቼ ጋር ታሪኩ ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ባለው መንገድ ላይ የሚካሄድ የስለላ ጨዋታ እየነደፍን ስለሆነ ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ሐሳቤ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አስተያየቶች አንድ በአንድ ላንሣቸው። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«አክሽን የገባበት አርፒጂ አርፒጂነቱ ያበቃል»

አያበቃም። የሚና ጨዋታ ራሱ የተወለደው ከጦር ጨዋታ ነው፤ በ1974 የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሥሩ በጠረጴዛ ላይ በትናንሽ ምስሎች የሚካሄድ ውጊያ ነበር። አይዮን ስቶርም በ2000 ያወጣውን ዴየስ ኤክስንም እንይ። ተጫዋቹ በገዛ እጁ ያነጣጥራል፣ በገዛ እጁ ይተኩሳል። የችሎታ ነጥብ የሚያገኘው ግን ስንት ሰው ገደለ ተብሎ ሳይሆን ዓላማውን ስላሳካና የተደበቀ ቦታ ስላገኘ ነው። ስለዚህ ዘበኛውን አታልሎ ያለፈው ተጫዋች ተኩሶ ካለፈው አያንስም። አንድ ጨዋታ አርፒጂ መሆኑን የምለየው የሚሸልመውን ነገር አይቼ ነው። ሽልማቱ ለሬሳ ብቻ ከሆነ፣ የንግግር ምርጫ ቢደረደርበትም የተኩስ ጨዋታ ነው።

«ሰላይ ማለት ጎበዝ ተኳሽ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሀገራችን ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላት። እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ፣ በ1881 ዓ.ም. ከተፈረመው ውል የተነሣው ጠብ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሲደርስ፣ ባሻይ አውዓሎም ለጣሊያኖች የሚሰልል መስሎ የኢትዮጵያ ጦር ተበታትኗል የሚል የተሳሳተ ወሬ እንዳደረሳቸው ይነገራል። መሣሪያው መታመን ነበር። ለስለላ ጨዋታ ዋናው ሀብት ይህ ነው፤ ጥይት የሚመጣው መታመን ሲያልቅ ነው።

በምንነድፈው ጨዋታ ውስጥ አንዱ ምዕራፍ የሚካሄደው ሰኞ ዕለት በባቲ ገበያ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ገበያ ስለሆነ ሰላዩ ሻጩን በየትኛው ቋንቋ ሰላም እንዳለ፣ ግመል ሲጠይቅ እንዴት እንደተከራከረ፣ ምን እንደለበሰ ሁሉ ይታያል። ከዚያ ወደ አንዲት እናት ቤት ይገባል። ቡና ተፈልቷል፤ ዱዓ ይደረጋል። አቦሉን ጠጥቶ ቢነሣ፣ እናት «ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ? በረካ ሳትጠጣ?» ይሉታል፤ ጎረቤትም ይሰማል። በረካው እስኪደርስ ቢቀመጥ የሚፈልገውን ስም ያገኛል፤ ግን የሚከታተለው የጭነት መኪና ወደ ሚሌ መንገድ ይወጣል። ከሄደ በቀጣዩ ምዕራፍ ማንም አያስጠጋውም። ከቆየ በሞተር ሳይክል ማሳደድ ይኖርበታል። ማሳደዱ ያለ ጥርጥር አክሽን ነው። ነገር ግን ቡናው ላይ የተቀመጠ ሰው ያመጣው አክሽን ስለሆነ ተጫዋቹ የራሱ አድርጎ ይቀበለዋል።

«ችሎታ በቁጥር ከተለካ፣ ማነጣጠር ትርጉም የለውም»

ይህ ቅሬታ መነሻ አለው። ኦብሲዲያን ሠርቶ ሴጋ በ2010 ያሳተመው አልፋ ፕሮቶኮል የዘመናችንን ስለላ ከአርፒጂ ጋር ያዋሐደ ደፋር ሥራ ነበር። ሆኖም ብዙዎች የተማረሩበት፣ ማነጣጠሪያው ጠላት ላይ እያለ ጥይቱ ስለሚስት ነው። ዓይን የመሰከረውን ስሌቱ ሲክድ ተጫዋቹ ተታለልሁ ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ጥፋቱ ግን የቁጥሩ ሳይሆን የድብቅነቱ ነው። ዴየስ ኤክስ ተመሳሳይ ስሌት ነበረው፤ ያልሠለጠነ ሰው ሽጉጥ ሲያነሣ ማነጣጠሪያው ሰፊ ሆኖ ይታያል፣ ጸንቶ ሲቆም ቀስ እያለ ይጠባል፣ ሥልጠናው ባደገ ቁጥር ቶሎ ይሰበሰባል። ተጫዋቹ ለምን እንደሳተ ከመተኮሱ በፊት ያውቃል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ችሎታ የእጅን መንቀጥቀጥ፣ ጥይት የመሙያ ጊዜን፣ የእግር ኮቴን ድምፅ ይቀይር፤ በትክክል የተነጣጠረን ጥይት ግን በዕጣ አያስተው።

«ንግግር አክሽኑን ያቆመዋል»

አልፋ ፕሮቶኮል እዚህ ላይ አስተማሪ ነው። ተጫዋቹ መልስ የሚመርጥበት ጊዜ እያለቀ ይሄዳል፤ በለዘብታ፣ በቁም ነገር ወይም በቁጣ መመለስ አለበት፤ የተናገረውም አይመለስም። ጆይስቲክ የያዘው እጅ ከተኩሱ እኩል የሚያልበው እዚህ ነው።

«አክሽን ማለት ፍጥነት ነው»

ክሌይ በ2015 ያወጣው ኢንቪዝብል ኢንክ ተራ በተራ የሚካሄድ የስለላ ጨዋታ ነው። ማንም አያጣድፍም፤ ግን በየዙሩ የማስጠንቀቂያው ደረጃ ከፍ እያለ ስለሚሄድ መዘግየት ያስከፍላል። በቂ ገንዘብና ባለሙያ ለሌለን እንደ እኛ ላሉ ጀማሪዎች ይህ መንገድ የሚናቅ አይደለም።

«የመጨረሻው ባላንጣ በውጊያ ካልተሸነፈ ጨዋታው አያጠግብም»

በ2011 የወጣው ዴየስ ኤክስ ሂውማን ሬቮሉሽን ከሰው በመደበቅም፣ ኮምፒውተር በመስበርም መጫወት ይፈቅዳል። ዋና ዋና ባላንጣዎች ፊት ሲደርስ ግን ሁሉንም ተኩስ ውስጥ አስገባ። ነጥቡን በሙሉ ለድብቅ ጉዞ ያዋለ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። እነዚያ ፍልሚያዎች ለሌላ ድርጅት ተሰጥተው የተሠሩ ነበሩ። በ2013 በወጣው የተሻሻለ እትም ሌሎች መውጫዎች ተጨመሩላቸው። በእኔ እምነት ለሦስት ምዕራፍ የተጠራቀመ ምርጫ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊሰረዝ አይገባም፤ ሰባሪውም፣ አግባቢውም፣ ተኳሹም እዚያ የራሳቸው በር ያስፈልጋቸዋል።

«ዘውጉ ተሞክሮ ከሽፏል»

አልፋ ፕሮቶኮል በ2019 ከዋናው የኦንላይን መሸጫ የወረደው በውስጡ ያለው ሙዚቃ ፈቃድ ጊዜው ስላለቀ እንጂ ተጫዋች ስላጣ አልነበረም። በ2024 እንደገና ለሽያጭ ቀርቧል። ሮም ላይ አንዲትን ሴት ለማዳን ወይም ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን ከቦምብ ለመታደግ የሚያስገድደው ውሳኔው ዛሬም ያከራክራል፤ ተጫዋቾች ይቅርታ ያደረጉለት ተኩሱን ሳይሆን ይህን ይዘው ነው። እኛም ለባቲው ምዕራፍ መጀመሪያ የጻፍነው የቡናውን ንግግር ነው፤ የሞተር ሳይክሉን ማሳደድ የምንሠራው ንግግሩ በወረቀት ላይ ተጫውተነው ከያዘ በኋላ ነው።