የኢንጀክሽን ሞተር ጉልበት ሲያጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዕድሜው የገፋ የኢንጀክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ) መኪና ዳገት ላይ አልስብ ሲል ባለቤቱ ቶሎ የሚያስበው ምን እንደሚያስጨምርበት ነው፤ ሰፊ ማርሚታ፣ ክፍት የአየር ማጣሪያ፣ የኮምፒውተሩን አሠራር ይለውጣል የሚባል ቺፕ። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ጉልበት ዛሬም አብሮት መኖሩን አስቀድሞ የሚለካ ግን ጥቂት ነው።

«ሞተሩ አርጅቷል፤ ተጨማሪ ዕቃ ካልተገጠመለት አይስብም»

ብዙ ገንዘብ የሚያስጨርሰው ስሕተት ይህ ነው። ጉልበት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ተደራርበው በመጡ ትንንሽ ጉድለቶች ነው፤ እነሱም በመለኪያ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ፍተሻ ምንም ወጪ የለውም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ እርስዎ የአየር ማስገቢያውን ጎማ ፈትተው የስሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ክዳን ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይዩ። የላላ ገመድ ወይም ፔዳሉ ሥር የተጣጠፈ ምንጣፍ ክዳኑን ሦስት አራተኛ ላይ ያስቀረዋል። የስሮትል ሴንሰሩም ሲዘጋ 0.5፣ ሙሉ ሲከፈት 4.5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ካላሳየ ኮምፒውተሩ ሙሉ ጉልበት መጠየቁን ስለማያውቅ ነዳጁን አይጨምርም።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ይለካል። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ (ነዳጁን የሚለኩሱት) በሙሉ ይውጡ፣ ነዳጅና እሳት ይቋረጥ፣ ፔዳሉ እስከ ታች ይረገጥ። ፔዳሉን ሳይረግጡ የለኩት ቁጥር ዋጋ የለውም፤ አየር አልገባምና። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በባሕር ወለል ከፍታ 12 ባር አካባቢ ያሳያል፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ከበለጠ ችግር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል፤ ካልተነቃነቀ ደግሞ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። የቦታውን ከፍታ ግን አይርሱ፤ በ2,000 ሜትር ላይ ያው ጤነኛ ሞተር ወደ 9.5 ባር ዝቅ ብሎ ይነበባል። ይህን ባለማወቅ ሞተር ተፈትቶ ያውቃል።

የነዳጅ ግፊትም እንዲሁ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ላይ የቫኪዩም ጎማው ከግፊት መቆጣጠሪያው ሲነቀል ከ2.5 እስከ 3 ባር ይነበባል። ዋናው ጥያቄ ግን መኪናው ጭነት ላይ ሳለ ግፊቱ ይወርዳል ወይ የሚለው ነው። ከወረደ ፖምፓው ደክሟል ወይም ማጣሪያው ታፍኗል፤ ቆሞ ሲለካ ደህና የሚመስል ፖምፓ ዳገት ላይ ይጋለጣል። መለኪያውን ከመግጠምዎ በፊት የፖምፓውን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያስነሡት፤ አለበለዚያ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል።

«ክፍት የአየር ማጣሪያ ሞተሩን ያስተነፍሳል»

ድምፁ በእርግጥ ይለወጣል። ፋብሪካው የሠራው ሳጥን ግን አየር የሚስበው ከፊት፣ ከውጭ ነው፤ ሾጣጣው ማጣሪያ ኮፈኑ ሥር የጋለውን አየር ይጠጣል። 30 ዲግሪ የነበረው አየር 60 ሲደርስ ጥግግቱ 9 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። ኮምፒውተሩም አየሩ መጋሉን በሴንሰሩ ሲያውቅ ማንኳኳትን (ነዳጁ በግፊትና በሙቀት በራሱ መንደዱን) ፈርቶ እሳቱን ያዘገያል። ዘይት የሚቀባው ዓይነት ማጣሪያ ደግሞ ዘይቱ ከበዛ በአየር መለኪያው ስስ ሽቦ ላይ ይጋገራል፤ ያኔ ሴንሰሩ የሚገባውን አየር አሳንሶ ይናገራል።

የሚሻለው ሳጥኑን መተው፣ ወረቀቱን መቀየር፣ ከፊት የሚመጣው ቱቦ አለመውለቁን ማየት ነው። የአየር መለኪያው ለእሱ በተሠራ ማጽጃ ብቻ ይረጫል፤ በጨርቅም በጣትም አይነካም።

«ሞተር የጭስ ግፊት ያስፈልገዋል» እና «ማርሚታው በሰፋ ቁጥር ይሻላል»

ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ጭስን ወደ ኋላ የሚገፋ ግፊት ለሞተር አንዳች ጥቅም የለውም። የሚጠቅመው የጭሱ ፍጥነት ነው፤ በፍጥነት የሚወጣ ጭስ ከኋላው ክፍተት ፈጥሮ የተረፈውን ጭስ ከሲሊንደር ይስባል። ቱቦው ከመጠን በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ መሳቡ ይደክማል፣ በዝቅተኛ ዙር የነበረው ጉልበት ይጠፋል። «ግፊት ያስፈልጋል» የሚለው ወሬ የተወለደው ከዚህ ይመስላል፦ ሰፊ ቱቦ ያስገጠመው ሰው ጉልበት ሲያጣ ምክንያቱን ግፊቱ ላይ ለጠፈው።

በአሮጌ መኪና ላይ በእርግጥ ጉልበት የሚሰርቀው የታፈነ ካታሊቲክ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ነው። ካንዴላ ሳያቀጣጥል ለወራት የተነዳ መኪና ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደዚያ ስለሚልክ ውስጡ ቀልጦ ይዘጋል። ለማወቅ የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትተው በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ይግጠሙ። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር 0.1፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ 0.2 ባር ካለፈ መንገዱ ተዘግቷል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ የቱቦ ስንጥቅም ቀላል አይደለም፤ የውጭ አየር ይስባል፣ ሴንሰሩ ነዳጅ አንሷል ብሎ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ያለ ጥፋቱ ይጨምራል።

«ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ጉልበት አለው»

ኦክቴን ቤንዚኑ ሳይለኮስ በግፊት ብቻ እንዳይነድ ያለውን መቋቋም ይለካል። የጉልበት መጠን አይደለም። የመኪናው መጽሐፍ 91 ለሚልለት ሞተር 95 ቢቀዱለት ልዩነቱ የሚታየው ኪስ ላይ ነው። ጥቅም የሚሰጠው ሞተሩ የሚያንኳኳ ከሆነና ኮምፒውተሩ በማንኳኳት ሴንሰር እሳቱን እያዘገየ ከሆነ ነው።

«ቴርሞስታት ሲወጣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይበረታል»

እያሳሳቀ የሚወስድ ምክር ነው። ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ የውኃውን መንገድ የሚዘጋ ቫልቭ፣ የሌለው ሞተር መሙቂያው ላይ ቶሎ አይደርስም። ሴንሰሩ ቀዝቃዛ ነው ሲል ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያበዛል፤ ትርፍ ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ቀለበቶቹ ይበላሉ፣ ኮምፕሬሽን ይወርዳል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄው ነው። ቴርሞስታቱ ደህና ሆኖ ነዳጅ ከበዛ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩን በኦም ይለኩ፤ የተለመደው ዓይነት በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ያሳያል።

«ትልቅ ኢንጀክተር፣ ብዙ ነዳጅ፣ ብዙ ጉልበት»

ጉልበትን የሚወስነው ሲሊንደር ውስጥ የገባው አየር ነው። ለሙሉ ጉልበት የሚስማማው 12.5 እስከ 13 ክፍል አየር በ1 ክፍል ቤንዚን ነው፤ ከዚያ ያለፈው ጥቁር ጭስ ነው። ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩን (ነዳጅ ረጪውን) የሚከፍተው በሚሊሰከንድ ቆጥሮ ነው፤ ትልቁ ኢንጀክተር በዚያው ጊዜ አብዝቶ ያፈሳል፣ ኮምፒውተሩ ካልተስተካከለ ሞተሩ ይታፈናል። የቆዩትን አስወልቆ በመፈተሻ ማሽን ማሳጠብ ይሻላል። በእኩል ጊዜ የሚያፈሱት መጠን ልዩነት ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቁ፤ ቀለበት ጎማዎቹም አብረው ይቀየሩ።

«ቺፕ ሰክተህ ጉልበት ጨምር»

የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካው ርካሽ ሣጥን መብራት ከማብራት ያለፈ ሥራ የለውም። በሙቀት ሴንሰር ሽቦ ላይ የሚቀጠል ሬዚስተርም ኮምፒውተሩን ይዋሻል እንጂ አየር አያስገባም፤ በረጋ መንዳት ጊዜ የኦክስጅን ሴንሰሩ ውሸቱን ያርመዋል። በመለኪያ ማሽን ላይ የሚደረግ እውነተኛ የኮምፒውተር ማስተካከል አለ፤ ቱርቦ (አየር አብዝቶ የሚገፋ ዕቃ) ባለው ሞተር ላይ ብዙ ያመጣል፣ ቱርቦ በሌለው ላይ ግን ጥቂት በመቶ ነው።

«ውድ ካንዴላ ጉልበት ይጨምራል»

የኢሪዲየም ጫፍ ያለው ካንዴላ ብዙ ይቆያል፣ በቃ። የጫፎቹን ክፍተት ግን መጽሐፉ እንደሚለው ይለኩ፤ አብዛኛው ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው።

«ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ አስቀድመው፣ ቴስታታውን አስልገው»

ዲስትሪቢዩተር እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ ነው። እሳት ሲቀድም መኪናው መጀመሪያ ቀለል ይላል፣ ከዚያ ጭነት ላይ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይቀልጣል። ደግሞም ኮምፒውተሩ እሳቱን በራሱ በሚቀይርበት ሁኔታ የተለካ ቁጥር አያገለግልም። ለምሳሌ ቶዮታ 5ኤ-ኤፍኢ ላይ በምርመራ ሶኬቱ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት መግቢያዎች በሽቦ ተገናኝተው 10 ዲግሪ ላይ ይስተካከላል። ከዚያ በፊት የታይሚንግ ቺንጋው ምልክቶች ይታዩ፤ 40 ጥርስ ባለው የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጎማ ላይ አንድ ጥርስ መሳት በክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ) ላይ 18 ዲግሪ ነው፣ እንዲህ ያለ ሞተር ይነሣል ግን አይስብም።

ቴስታታ ማስላግ፣ ማለትም የታች ፊቱን ማስፋቅ፣ ኮምፕሬሽን ይጨምራል፤ ስሌቱ ግን ከሚወራው ያንሳል። የመጨመቂያ ልኩ 9.5 ለ1 የነበረ የ1.6 ሊትር ሞተር ግማሽ ሚሊሜትር ቢላግ ወደ 10 ይጠጋል፣ ትርፉም 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። በምትኩ ቫልቩ ወደ ፒስተኑ ይቀርባል፣ የካምሻፍቱም ጊዜ በጥቂቱ ይዘገያል። የሚላገው የተጣመመ ቴስታታ ነው፤ ያውም ፋብሪካው ከፈቀደው ልክ ሳያልፍ።